ለመጠባበቂያ የሚበዛ ፋይል የለም

መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ፣ በደቡብ ኮሪያዋ ዴጆን ከተማ በሚገኘው የመንግሥት ዳታ ማዕከል አምስተኛ ፎቅ ላይ እሳት ተነሣ። ሠራተኞች መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹን የሚያቆዩትን የሊቲየም ባትሪዎች ከቦታቸው በማዛወር ላይ ነበሩ። እሳቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋው በማግስቱ ምሽት ነው። እስከዚያው 96 ሲስተሞች ነድደዋል፤ ከ600 በላይ የመንግሥት የኦንላይን አገልግሎቶችም ቆመዋል። ኮሪያውያን በፖስታ ባንካቸው መገልገልም ሆነ በስልካቸው የያዙትን መታወቂያ ማሳየት አቃታቸው።

አብዛኞቹ አገልግሎቶች ውለው አድረው ተመለሱ። አንዱ ግን እንደወጣ ቀረ። ጂ-ድራይቭ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ፋይላቸውን የሚያስቀምጡበት የጋራ የክላውድ ማከማቻ ነበር። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 30 ጊጋባይት ገደማ ቦታ የተመደበለት ሲሆን ወደ 125 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ይገለገሉበት ነበር። የሲቪል ሰርቪሱን የሰው ኃይል የሚያስተዳድረው ሚኒስቴርማ ባልደረቦቹ በቢሮ ኮምፒውተራቸው ላይ ምንም እንዳያስቀሩና ሁሉንም በጂ-ድራይቭ ብቻ እንዲያኖሩ አዝዞ ነበር። በዚያች ሌሊት 858 ቴራባይት መረጃ ወደመ። ሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የተሰጠው መልስ ማከማቻው እጅግ ትልቅ ስለሆነ ባክአፕ ማድረግ አልተቻለም የሚል ነበር።

ይህ መልስ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። መጠባበቂያ ቅጂ ሊሠራለት የማይችል ማከማቻ ከመጀመሪያውም ያን ያህል እንዲያድግ ሊፈቀድለት አይገባም ነበር። ነገሩ ለኮሪያ ብቻ የሚተው አይደለም። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሚኒስቴሮች ከወረቀት ወደ ክላውድ በሚሸጋገሩበት አገር ሁሉ፣ በኢትዮጵያም ጭምር፣ ያው ስሕተት ሊደገም ይችላል።

የጋራ የፋይል ማከማቻ ያለ ምክንያት አልተወደደም። ፋይል በአንድ ሰው ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ላይ ታስሮ ከሚቀር፣ ባለጉዳዮቹ ሁሉ በሚከፍቱት ፎልደር ውስጥ ይቀመጣል። ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ሥራው ተከትሎት አይሄድም። ቫይረስ ያለበት ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ አይዞርም። የመጨረሻው ቅጂ የቱ ነው እየተባለ የሚባክነው ጊዜም ይተርፋል። ሐሳቡ አርባ ዓመት አልፎታል፤ ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኤንኤፍኤስ የተሰኘውን ስልት ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። በዚህ ስልት ሌላ ክፍል ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ ፋይል ተጠቃሚው ፊት ባለው ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ሆኖ ይከፈታል። አማዞን እ.ኤ.አ. በ2016 ለደንበኞቹ በይፋ የከፈተው ኢኤፍኤስ የተባለው የክላውድ ማከማቻም የሚሠራው በዚሁ በኤንኤፍኤስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የጋራ ማከማቻዎች ድክመት ሁሉም ነገር በአንድ ሰርቨር ጫንቃ ላይ መውደቁ ነበር። ሰርቨሩ ሲሞላ የበለጠ ትልቅና ውድ ማሽን መግዛት ግድ ይላል፤ ሲበላሽ ደግሞ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሥራ ይፈታል። ይህን ችግር የፈቱት ዘመናዊዎቹ ተስፋፊ ማከማቻዎች ናቸው። ሳንጄይ ጌማዋት፣ ሃዋርድ ጎቢዮፍ እና ሹን-ታክ ሊዩንግ የተባሉ የጉግል መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ ኩባንያቸው የሄደበትን መንገድ ገለጡ። ጉግል ውድ ማሽን በመግዛት ፋንታ ርካሽ ኮምፒውተሮችን በብዛት ያሰልፍ ነበር፤ ፋይሉን እያንዳንዳቸው 64 ሜጋባይት በሆኑ ቁራጮች ይከፍል፣ እያንዳንዱን ቁራጭም በሦስት የተለያዩ ኮምፒውተሮች ላይ ያስቀምጥ ነበር። የዲዛይኑ መነሻ የዕቃ ብልሽት የየዕለት ጉዳይ ነው የሚል እምነት ነበር። አንድ ዲስክ ሲሞት ሲስተሙ ከተረፉት ቅጂዎች ምትኩን በራሱ ይሠራ ነበር፤ ተጠቃሚው ምንም አይሰማውም ነበር።

በጉግል ሲስተም ውስጥ ግን የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ የሚያውቀው አንድ ዋና ማሽን ነበር፤ ዶሴው ሁሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ አንድ ሰው ብቻ እንደሚያውቅበት መዝገብ ቤት ማለት ነው። ሴጅ ዌይል የተባለ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ክሩዝ የዶክትሬት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ከባልደረቦቹ ጋር ባቀረበው ሴፍ በተሰኘው ሲስተም ይህን ጥገኝነት ቀነሰው። በሴፍ ማንኛውም ኮምፒውተር ቁራጩ ያለበትን ቦታ በቀመር አስልቶ ያገኘዋል፤ ቁራጩ የት እንደተቀመጠ የሚጠየቅ ማሽን አያስፈልግም። አዲስ ሰርቨር ሲጨመር ሲስተሙ መረጃውን ራሱ ያከፋፍላል። የሴፍ ኮድ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ዌይል የመሠረተውን ኩባንያ ሬድ ሃት እ.ኤ.አ. በ2014 በ175 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል። ዛሬ የራሱን ክላውድ ማቋቋም የሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቴሌኮም በአማራጭነት ከሚያያቸው ሲስተሞች አንዱ ሆኗል።

አደጋው የመጣው ከዚሁ ስኬት ነው። ማከማቻን ማስፋት እጅግ ቀለለ። ቦታ ሲጠብ ሰርቨር ይጨመራል፤ በኪራይ ክላውድማ ሰርቨር መጨመርም አያስፈልግም፣ ሒሳቡ ብቻ ያድጋል። መጠባበቂያው ቅጂ ግን አብሮ አያድግም። እሱ የራሱ በጀት፣ የራሱ ቦታና የራሱ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ዋናው ማከማቻ በሰላም እየሠራ ሳለም እንዲህ ያለ ወጪ የሚጠይቅ ኃላፊ ሰሚ አያገኝም። ጂ-ድራይቭ በአንድ ቀን 858 ቴራባይት አልሆነም። በሰባት ዓመት ውስጥ ጥቂት በጥቂት አደገ፤ በሰባቱም ዓመት ሁለተኛ ቅጂ ለመሥራት ጊዜ ነበረ።

ብዙ ኃላፊዎችን የሚያዘናጋ አንድ እምነት አለ፤ ሲስተሙ ሦስት ቅጂ ይይዛልና ሌላ ባክአፕ አያስፈልገንም የሚል። ሦስቱ ቅጂዎች የሚጠብቁት ከዲስክ ሞት ነው። ከተሳሳተ ትእዛዝ አይጠብቁም፤ አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ፋይሉን አጥፋ ብሎ ሲያዝዝ ሲስተሙ በታማኝነት ሦስቱንም ያጠፋል። አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑም እሳት ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይበላቸዋል።

የተሳሳተ ትእዛዝ ምን እንደሚያደርስ የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 አጋማሽ የሱፐርኮምፒውተሩ ተጠቃሚዎች በጋራ ከሚገለገሉበት ማከማቻ 77 ቴራባይት የምርምር መረጃ ተሰረዘ። የጠፉት 34 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች ሲሆኑ ጉዳቱ 14 የምርምር ቡድኖችን ነካ። ከእነዚህ የአራቱ መረጃ ከባክአፕም ሊመለስ አልቻለም። እሳት አልነበረም፤ ሰርጎ ገብም አልነበረም። ስረዛውን የፈጸመው ራሱ የባክአፕ ሥራውን የሚያስኬደው ፕሮግራም ነው። ያረጁ የመዝገብ ፋይሎችን ብቻ እንዲያጠፋ የተጻፈ ነበር፤ ፕሮግራሙ በመሥራት ላይ እያለ አዲሱ እትም በላዩ ስለተጻፈበት ግን የሚያጠፋውን ሳይለይ የተመራማሪዎቹን ፋይሎች ጠረገ። ሲስተሙን ያቀረበው ኩባንያ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ወስዶ ይቅርታ ጠይቋል። ይቅርታው ግን የአራቱን ቡድኖች የድካም ውጤት አልመለሰም።

በሁለት ቦታ ማስቀመጥስ? እሱም ብቻውን አይበቃም። ዩኒሱፐር የተባለው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ከ600 ሺህ በላይ አባላት አሉት። ሲስተሙን ያኖረው በጉግል ክላውድ ሲሆን አንዱ ቦታ ቢጎዳ ሌላው እንዲተካው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጦት ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በአቅራቢው በኩል በተፈጠረ የአደረጃጀት ስሕተት የፈንዱ የግል ክላውድ ውል ራሱ ተሰረዘ፤ ሲሰረዝም በሁለቱም ቦታ ያለው አብሮ ጠፋ። አባላቱ ከአንድ ሳምንት በላይ ሒሳባቸውን ማየት ሳይችሉ ቆዩ። የጡረታ ገንዘባቸው መዝገብ ግን አልጠፋም፤ ፈንዱ በሌላ አገልግሎት ሰጪ ዘንድ ተጨማሪ መጠባበቂያ ነበረውና። ከዴጆን የሚለየው ይህ ነው። ሁለቱም ዘንድ ከባድ አደጋ ደርሷል፤ አንዱ ወደ ቅጂው ዞሯል፣ ሌላው የሚዞርበት አላገኘም።

የቦታን ነገር በቸልታ ያለፉ ደግሞ በፈረንሳይ ተጎድተዋል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2021 ኦቪኤች የተባለው የክላውድ ኩባንያ በስትራስቡርግ ካሉት ዳታ ማዕከሎቹ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፤ ጎኑ የነበረው ሌላ ማዕከልም በከፊል ተጎዳ። ባክአፕ አለን ብለው ተማምነው የነበሩ አንዳንድ ደንበኞች ቅጂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ እንደነበረ የተረዱት ከቃጠሎው በኋላ ነው።

አሁን ወደ ኮሪያውያኑ ምክንያት እንመለስ፤ በእርግጥ 858 ቴራባይት ለመቅዳት ይበዛል? እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በገበያ ላይ የሚገኘው ኤልቲኦ-9 የተባለው የቴፕ ካሴት አንዱ ብቻ 18 ቴራባይት ይይዛል። 858 ቴራባይት በ48 ካሴት ያልቃል፤ ይኸውም አንድ ሰው ተሸክሞት ሊወጣ የሚችል ሣጥን ነው። አንድ የቴፕ ማሽን በሙሉ ፍጥነቱ በሰከንድ 400 ሜጋባይት ስለሚጽፍ የመጀመሪያውን ሙሉ ቅጂ በ25 ቀን ገደማ ይጨርሰዋል፤ አራት ማሽኖች ቢመደቡ ከሳምንት አያልፍም። ከዚያ በኋላ የሚቀዳው በየዕለቱ የተለወጠው ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ማከማቻው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች የተሞላ ሲሆን ቅጂው ከዚህ ስሌት ይዘገያል፤ ማሽኖቹና ሥራውን የሚከታተለው ባለሙያም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ቢሆንም ይህ ሁሉ ቢደመር ወደ አይቻልም አያደርስም።

ሌላም ምስክር አለ። በጄኔቫ አቅራቢያ የሚገኘው ሴርን የተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የዲስክ ማከማቻ እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ኤክሳባይት ደርሷል። ይህ ከጂ-ድራይቭ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። ሴርን የሙከራዎቹን ጥሬ ውጤት በቴፕ ይጽፋል፤ ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ በሌሎች አገሮች ላሉ አጋር ማዕከሎች ያከፋፍላል። የማይደገም ሙከራ ውጤት በአንድ ሕንፃ ብቻ እንዲቀር አልፈለገም። የአንድ መንግሥት ሰነድም ቢሆን ከጠፋ ማንም አይደግመውም።

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ ትምህርት የምትቀስመው ከውጭ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየገዳማቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ነበር። የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ መጻሕፍትን ሲያነሣ አንዱን ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላውን በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አስቀምጧል። ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ሚኒሶታ ተቀምጠው በእነዚያ ፊልሞች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርተው የዓለም ሊቃውንት የሚጠቀሙባቸውን ዝርዝር መዛግብት አዘጋጅተዋል። ኮምፒውተር በየቢሮው ባልነበረበት ዘመን፣ አብዮትና ጦርነት አገር በሚያምስበት ወቅት፣ ሁለት ቅጂ በሁለት አህጉር ማኖር ተችሏል።

ዛሬ አገሪቱ መዝገቧን ወደ ዲጂታል በፍጥነት እያዛወረች ነው። የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባ ቀጥሏል፤ ኢትዮ ቴሌኮም የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል፤ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የተባሉ የግል ኩባንያዎች ዳታ ማዕከል ከፍተዋል። እነዚህ ሁለቱ የግል ማዕከሎች ግን የሚገኙት በአንድ ስፍራ፣ በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ ነው። አንዱን ማዕከል ለዋናው፣ ጎረቤቱን ለመጠባበቂያ የሚከራይ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ሁለት ውል ይፈርማል እንጂ ሁለት ቦታ አላገኘም። የስትራስቡርግ ደንበኞች የከፈሉትን ዋጋ ላለመክፈል መጠባበቂያው ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ወይም ሌላ ሩቅ ከተማ መሆን አለበት። የኢንተርኔት መስመሩ ጠባብ ነው የሚለው ክርክርም አያስኬድም፤ ካሴት በመኪና ይጓዛል። ዛሬ አሥር ቴራባይት ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ሙሉ ማከማቻው በአንድ ካሴት ይገባል። እንዲህ ቀላል በሆነበት ጊዜ ያልተጀመረ ልማድ መቶ ቴራባይት ሲሞላ አይጀመርም።

ሕጉም መነሻ ይሰጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰዎችን መረጃ በሚይዙ ተቋማት ላይ የደኅንነት ግዴታ ጥሏል። የመረጃ ደኅንነት ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ስርቆት ነው። የጠፋ የሕክምና መዝገብም ሆነ የጠፋ የይዞታ ማረጋገጫ ለባለቤቱ ከተሰረቀው አያንስም። ስለዚህ አዋጁን ለማስፈጸም የሚወጡ መመሪያዎች የመጠባበቂያ ቅጂን ጉዳይ በግልጽ ቃል ማስገደድ አለባቸው።

ሊደነገግ የሚገባው ነገር ጥቂት ነው። አንደኛ፣ የሁለተኛው ቅጂ ዋጋ በአንድ ጨረታ ከዋናው ጋር ሳይቀርብ የጋራ ማከማቻ ግዥ አይፈቀድ፤ አቅም በተጨመረ ቁጥርም የመጠባበቂያው አቅም አብሮ ይጨመር። ሁለተኛ፣ ቅጂው በሌላ ከተማና በሌላ አካል ሥልጣን ሥር ይሁን፤ ዋናውን ማጥፋት የሚችል የይለፍ ቃል ቅጂውን ማጥፋት እንዳይችል። ሦስተኛ፣ ቅጂው ለተወሰነ ጊዜ ማንም የማይሰርዘው ይሁን፤ ስሕተቱ ወይም ጥቃቱ ዘግይቶ ሲታወቅ ከዚያ በፊት ወደነበረው ሁኔታ መመለስ ይቻል ዘንድ። አራተኛው ከሁሉም ይበልጥ የሚዘነጋው ነው፤ ቅጂው በእርግጥ የሚመለስ መሆኑ በየዓመቱ ይሞከር።

አራተኛው ለምን እንደሚያስፈልግ ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በራሱ ላይ ከደረሰው ተነሥቶ ለዓለም አስረድቷል። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሱ ሌላ ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ማውጫ አጠፋ። ኩባንያው አምስት የመጠባበቂያ ዘዴዎች ዘርግቶ ነበር። በችግሩ ሰዓት ሲፈተሹ በአግባቡ የሚሠራ አንድም አልተገኘም። ያዳነው ያ መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ የወሰደው ቅጂ ነው፤ የስድስት ሰዓቱ መረጃ ግን ቀረ። ጊትላብ ጉዳዩን አልሸሸገም፤ የማስመለስ ሥራውን በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፣ ጉድለቱንም በዝርዝር ጽፎ አወጣ። እንዲህ ያለው ግልጽነት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ያስፈልጋል። የዓመታዊው ሙከራ ውጤት ከአይቲ ክፍል መሳቢያ ወጥቶ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊና ለቦርዱ መቅረብ አለበት፤ ስንት ፋይል ለመመለስ ተሞከረ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ ተብሎ።

በጀት የሚያጸድቁ ኃላፊዎች፣ ለማከማቻ ግዥ የቀረበ ሰነድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲደርስ ከመፈረማችሁ በፊት የሁለተኛው ቅጂ ዋጋና አድራሻ በየትኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ ጠይቁ። ካልተጻፈ ሰነዱን መልሱት።